ፍሮግፊሽ፣ ላየንፊሽ ወይስ ሌላ? አድፍጦ የሚበላ ዓሣ ለቤት አኳሪየም ስትመርጡ

አኳሪየም ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ወዲያ ወዲህ የሚል ባለ ቀለም ዓሣ ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ስለማይንቀሳቀሱት ነው። ድንጋይ መስለው፣ ቅጠል መስለው፣ ስፖንጅ መስለው ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ቁጭ የሚሉ አሉ። እንግዳ ይመጣና መስታወቱን ተጠግቶ «ባዶ ነው እንዴ?» ይላል። በዚህ መሃል አንዲት ሽሪምፕ በ«ድንጋዩ» አጠገብ ልታልፍ ትሞክራለች። አታልፍም። እንግዳው ምን እንደተፈጠረ አላየም። «ቅድም እዚህ ጋ ሽሪምፕ አልነበረም?» ብሎ ይጠይቃል።

እነዚህን አድፋጮች መያዝ የፈለገ ሰው ሁልጊዜ የሚጀምረው «የትኛው ያምራል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፣ ግን የትም አያደርስም። ሁሉም ያምራሉ፤ አንዳንዶቹ የሚያምሩት እንዲያውም በአስቀያሚነታቸው ነው። ደግሞም አድፋጭ ዓሣ ራሱ ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው ባለቤቱ ነው። «ብቻውን ሆነ፣ ጓደኛ ላምጣለት» የሚል ባለቤት አለ። «ገና አልጠገበም» የሚል አለ። ዓሣው የት እንዳለ ሳያይ እጁን ውሃ ውስጥ የሚከትም አለ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆናችሁ ለራሳችሁ በሐቅ ንገሩ። የምትገዙት ዓሣ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ስለ ገንዳው ባጭሩ

ሁሉም የባሕር ዓሦች ስለሆኑ ውሃው ለሁሉም ያው የጨው ውሃ ነው። የጨው መጠኑ በሪፍራክቶሜትር ሲለካ ከ1.023 እስከ 1.025፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8.1 እስከ 8.4 ይሁን። ከቆሻሻው የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆን አለባቸው። አዲስ ገንዳ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙለት ድረስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። እሱ ሳያልቅ ዓሣ መግዛት የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ልበል። «ቁጭ የሚል ዓሣ ነው፣ ትንሽ ገንዳ ይበቃዋል» የሚለው ወሬ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። አዎ፣ ለመዋኘት ቦታ አይፈልግም። ነገር ግን የሚበላው ሥጋ ነው፤ ያውም በአንድ ጉርሻ ብዙ። የበላውን ደግሞ ያው ውሃ ውስጥ ያስወጣዋል። ስለዚህ ሊትሩ የሚያስፈልገው ለመዋኛ ሳይሆን ቆሻሻውን ለማቅጠን ነው። ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻውን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ) ስትገዙ ለገንዳችሁ መጠን ከተጻፈው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰዱ። በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃ ቀይሩ። ዓሣው ሳይበላ የተወውን ሥጋ እዚያው አታሳድሩ።

ሌላው ማሞቂያው ነው። እነዚህ ዓሦች የተመቻቸው ነገር ላይ ሁሉ ይቀመጣሉ፤ ማሞቂያውም ላይ ይቀመጣሉ። እንደ ሌላው ዓሣ ቶሎ ብለው አይነሱም፤ ይቃጠላሉ። ማሞቂያው ሽፋን ይኑረው። የፓምፑም መምጠጫ እንደዚሁ። የውሃው ፍሰት ደግሞ ረጋ ያለ ይሁን፤ ቁጭ ብሎ የሚኖር እንስሳ ቀኑን ሙሉ ሲገፋ መዋል የለበትም።

ፍሮግፊሽ፦ ዓሣ አጥማጁ ዓሣ

እውነቱን ልናገርና የእኔ ልብ ያለው እዚህ ነው። እንቁራሪት ዓሣ ብንለው ያስኬዳል፤ በንግዱ አንግለር የሚሉትም አሉ። የጀርባ ክንፉ የመጀመሪያ እሾህ ወደ ቀጭን ዘንግ ተለውጦ ግንባሩ ላይ ቆሟል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ማባበያ አለው። የአንዳንዱ ዝርያ ማባበያ ትል ይመስላል፣ የአንዳንዱ ሽሪምፕ፤ ዋርትስኪን የሚባለው ዝርያ ማባበያ ደግሞ ቁርጥ ትንሽ ዓሣ ነው። ያንን እያወዛወዘ ይጠብቃል። ማባበያው ቢቆረጥ እንኳ መልሶ ያበቅለዋል።

የተባበለው ዓሣ ሲጠጋ አፉን ይከፍታል። በ6 ሚሊሴኮንድ ገደማ ውስጥ ነገሩ ያልቃል። የአንድ ሰው የዓይን ጥቅሻ ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ ይወስዳል፤ ሒሳቡን እናንተ ሥሩ። አፉ ሲከፈት የውስጡ ስፋት እስከ 12 እጥፍ ያድግና ውሃውን ከነታዳኙ ይመጥጠዋል። በመንጋጋ የሚያዝ፣ በጥርስ የሚቆረጥ ነገር የለም። ነበረ፣ ጠፋ።

መዋኘት አይሆንለትም። የደረት ክንፎቹ እንደ እጅና እግር ሆነውለት በአሸዋው ላይ ይራመዳል። ሲቸኩል ደግሞ ከክንፎቹ ኋላ ባሉት ትንንሽ የስንጥቡ ቀዳዳዎች ውሃ እየተፋ ራሱን ወደፊት ይገፋል፤ ያኔ የተወረወረ ካልሲ ይመስላል። ቀለሙን ካለበት ቦታ ጋር ለማመሳሰል ይቀይራል፤ በቅጽበት ሳይሆን በቀናትና በሳምንታት ነው። ቢጫ ብላችሁ የገዛችሁት ከወር በኋላ ቡናማ ሆኖ ብታገኙት «ተታለልኩ» አትበሉ።

መርዘኛ እሾህ የለውም። ይህ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ትልቅ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ጓደኛ አለመፈለጉ ነው። ከራሱ ቁመት ጋር የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ዓሣ ይውጣል። «አፉ ውስጥ የሚገባውን ብቻ ነው የሚበላው» የሚለው የተለመደ ምክር ለላየንፊሽ (አንበሳ ዓሣ) ይሠራል፤ ለፍሮግፊሽ አይሠራም፤ ምን እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና። እኔ አንዴ «ይህስ ይበዛበታል» ብዬ ከእሱ ብዙም የማያንስ ካርዲናል ዓሣ አብሬው አስገባሁ። ጠዋት ስነሳ ጅራቱ ከፍሮግፊሹ አፍ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ከሁለት ቀን በኋላ ዓሣውን ተፋው። በሳምንቱ ራሱ ሞተ። ጥፋቱ የዓሣው አልነበረም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው። የማይዋጥ ትልቅ ዓሣ አብራችሁ ብታስገቡ እሱን ይነክሰዋል። ፓፈር፣ ትሪገር፣ አንጀልፊሽ ሁሉ ያንን ድንጋይ የመሰለ ነገር ቀመስ ሳያደርጉት አያልፉም። እሱም አይሸሽም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ፍሮግፊሽ ብቻውን ይኖራል። አኔሞኒ የሚባለው አበባ መሰል የባሕር እንስሳና ረጅም ክንድ ያላቸው የሚያቃጥሉ ኮራሎችም አይስማሙትም፤ ሄዶ ይቀመጥባቸዋል።

ከዝርያዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ዋርትስኪኑን ወይም ፔይንትድ የሚባለውን ቢይዝ ይሻለዋል። ዋርትስኪኑ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለአንድ ብቸኛ ፍሮግፊሽ ከ80 እስከ 120 ሊትር ያለው ገንዳ በቂ ነው፤ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በትንሽ ገንዳ የሚረኩት እሱና ወደ ኋላ የምንደርስበት ቅጠል መሰሉ ሊፍ ስኮርፒዮንፊሽ ናቸው። ጃይንት ከሚባለው ግን ተጠንቀቁ። ሲሸጥ አውራ ጣት ያህላል፤ ሲያድግ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ልጅነታቸው ይመሳሰላል። ሻጩ የዝርያውን ስም ሳይነግራችሁ አትክፈሉ።

ድዋርፍ ላየንፊሽ፦ ልብ ሲወድ አእምሮ የሚመርጠው

አንበሳ ዓሣ ሲባል ሰው የሚያውቀው ትልቁን፣ ቮሊታንስ የሚባለውን ነው። ለቤት የሚሆኑት ግን ትንንሾቹ ናቸው። ሦስት ናቸው የሚገኙት፦ ፈዚ፣ ዚብራና ፉ ማንቹ።

ፈዚው 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አለት ላይ ወይም አለት ሥር ተጠግቶ ይውላል፤ እንደ ፍሮግፊሽ ግን ፈጽሞ ድንጋይ አይሆንም። ባለቤቱን ይለያል ብል የተጋነነ ይመስላል፤ ቢያንስ ምግብ የሚያመጣውን እጅ ይለያል። ገንዳው አጠገብ ስትቆሙ ክንፎቹን ዘርግቶ ይመጣል። ዚብራው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይበልጥም ይንቀሳቀሳል። ፉ ማንቹው ከሁሉም ያምራል፤ ጀርባው ላይ ሁለት የዓይን ምልክት፣ አገጩ ላይ ሁለት ጢም አለው። ግን ቀን ይደበቃል፣ የሞተ ምግብ ለመልመድም አንገት ያስደፋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲቀርቡላችሁ ዓይናችሁ ፉ ማንቹ ላይ ይሄዳል። ፈዚውን ውሰዱ።

ለአንድ ድዋርፍ ከ120 እስከ 200 ሊትር አስቡ። ኮራል አይነካም። ትንሽ ዓሣና ሽሪምፕ ግን አይተርፉትም፤ ያ በውድ የተገዛው ክሊነር ሽሪምፕ ጭምር። ከእሱ የሚበልጡ ረጋ ያሉ ዓሦች ካሉ አብሮ ይኖራል። ሁለት ወንድ ግን አንድ ላይ አታድርጉ።

እንግዲህ ከፍሮግፊሽ ጋር ስናስተያየው ነገሩ ይህን ይመስላል። ላየንፊሽ የሞተ ምግብ ቶሎ ይለምዳል፣ ፍሮግፊሽ ብዙ ጊዜ ያንገራግራል። ላየንፊሽ ጓደኛ ይችላል፣ ፍሮግፊሽ አይችልም። ላየንፊሽ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ፍሮግፊሽ በቤት ገንዳ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዓመት ነው የሚቆየው። እስካሁን ላየንፊሽ በሁሉም መራ፣ አይደል? አሁን ግን እሾሁን ቁጠሩ። የቮሊታንሱን ብንወስድ 13 የጀርባ፣ 2 የሆድ፣ 3 ከጅራቱ በታች ያሉ፣ በድምሩ 18 መርዘኛ እሾሆች አሉት። ድዋርፎቹም መርዘኞች ናቸው፤ ትንሽ ስለሆኑ አይራራላችሁም።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ መስታወት ላይ ወጥቶ እጁን የሚከት ልጅ ካለ፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ የመቸኮል አመል ካለባችሁ፣ ፍሮግፊሽ ይሻላል። ልጅ ከሌለ፣ ወይም ገንዳው የሚቆለፍ ክዳን ካለው፣ ፈዚ ላየንፊሽ ለጀማሪ አድፋጭ ወዳጅ ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ነው። እኔ ልቤ ፍሮግፊሽ ጋ ነው አልኳችሁ፤ ጓደኛዬ ቢጠይቀኝ ግን ፈዚ ነው የምለው።

ቅጠሉ

ሊፍ ስኮርፒዮንፊሽ የሚባለው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ከጎን ሲያዩት ሰፊ፣ ከፊት ሲያዩት ወረቀት የሚያክል ዓሣ ነው። ቁጭ ብሎ እንደ ቅጠል ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ውሃው ሲወዛወዝ አብሮ፣ ውሃው ሲቆምም ቀስ ብሎ ብቻውን። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ጥቁር አለ። ከጊዜ ወደ ጊዜ ላይኛውን ቆዳውን እንደ እባብ ይገፋል፤ መጀመሪያ ያየ ሰው ታመመብኝ ብሎ ይደነግጣል።

ከትንሽነቱ የተነሳ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ብዙዎቹ ከሕያው ሽሪምፕ ሌላ ነገር ለማየትም ፈቃደኛ አይደሉም። ሌላ ዓሣ አብሮት ካለ ምግቡን ሁሉ ይቀድመዋል። በሳምንት ብዙ ጊዜ ሕያው ምግብ ማቅረብ ካልቻላችሁ እሱን መግዛት ቀስ ብሎ ማስራብ ነው። መርዘኛ እሾህም አለው። ላየንፊሽ ወይም ፍሮግፊሽ አንድ ሁለት ዓመት በደህና ከያዛችሁ በኋላ ተመለሱበት።

ራይኖፒያስ የሚባለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በዚህ ዓለም እንደ ጌጥ የሚቆጠር ነው፤ ዋጋውም እንደ ጌጥ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሚገርመው ከቅጠሉ ይልቅ የሞተ ምግብ መልመድ አይከብደውም። ኪሳችሁ ከቻለ ከልካይ የላችሁም፤ መጀመሪያ ዓሣችሁ ግን አይሁን።

ትልልቆቹ

ቮሊታንስ ላየንፊሽ 38 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ክንፎቹን ሲዘረጋ ቦታው ሁሉ የእሱ ነው። ከ450 ሊትር በታች በሆነ ገንዳ ውስጥ ማስገባት ለሁለታችሁም ቅጣት ነው። ጠንካራ ነው፣ ይበላል፣ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ቮሊታንስ የሚገዛ ሰው ስለዚህ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ስለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ነው የሚወስነው።

ይህን ያላሰቡ ሰዎች የሠሩትን ዓለም አይቶታል። ላየንፊሽ የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ፍጥረት ነው። በ1985 በፍሎሪዳ ዳርቻ ታየ። ከአኳሪየም ተለቅቆ እንደሆነ ነው በሰፊው የሚታመነው። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻና ካሪቢያንን ወረረ። አንዲት ሴት በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች፤ እዚያ ያሉት ትንንሽ ዓሦች ደግሞ አዳኝነቱን አያውቁም፣ አይሸሹትም። ዓሣው ቢያድግባችሁ፣ ቤት ብትቀይሩ፣ ቢሰለቻችሁ፣ ወደ ባሕር አይለቀቅም። ሻጩ መልሶ እንደሚቀበል ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሚኒያተስ ግሩፐር፣ ያ ቀይ ባለ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ከ600 ሊትር በታች አታስቡት። አለት ሥር ተሸሽጎ ይጠብቅና ብቅ ይላል። አይናደፍም፣ የሰጡትን ሁሉ ይበላል፣ በሽታም በቀላሉ አይጥለውም። ችግሩ መጠኑ ብቻ ነው። መጠኑ ግን ሁሉም ነገር ነው።

ስቶንፊሽ ለሽያጭ ሲቀርብ ታያላችሁ። በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ መርዙ የከፋ ነው የሚባለው እሱ ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ለንድፊያው ራሱን የቻለ ማርከሻ መድኃኒት ከ1959 ጀምሮ ይመረታል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የተዘጋጀለትን ዓሣ ሳሎን ውስጥ ምን ልታደርጉት? አልመክርም። ከዚህ በላይ ስለእሱ የምለው የለም።

«እኔ ግን ሌሎች ዓሦችም አሉኝ»

ጥሩ። ያላችሁን ዓሣ ሁሉ አስወጡ አልልም። ለእናንተ የሚሆኑ ሁለት አሉ።

አንዱ ሆክፊሽ ነው፤ ጭልፊት ዓሣ እንበለው። ፍሌም የሚባለው ቀዩ 9 ሴንቲ ሜትር፣ አፈ ረጅሙ ሎንግኖዝ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የመዋኛ ከረጢት የላቸውም፤ ስለዚህ መዋኘት ሲያቆሙ ይሰምጣሉ። ኮራል ጫፍ ላይ እንደ ወፍ ይቀመጡና ዓይናቸውን እያንከባለሉ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ዘለው ይይዛሉ። አድፋጭነቱ ሙሉ ነው፣ አደጋው ግን የለም። ከገንዳው ነዋሪዎች የምታጡት ትንንሽ ሽሪምፕ ብቻ ነው። የሞተ ምግብ ከመጀመሪያው ቀን ይበላል።

ሁለተኛው ማሪን ቤታ፣ በሌላ ስሙ ኮሜት ነው። ጥቁር፣ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ፣ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ። ሲደነግጥ ጭንቅላቱን ጉድጓድ ውስጥ ቀርቅሮ ጅራቱን ውጭ ያስቀራል። የጀርባ ክንፉ ኋለኛ ጫፍ ላይ ያለው የዓይን ምልክት ሞሬይ የሚባለውን እባብ መሰል ዓሣ ጭንቅላት ያስመስለዋል፤ አሳዳጁ ባየው ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል። ቀስ ብሎ ነው የሚጠጋው፣ ከማድፈጥ ይልቅ ማድባት ይሉት። ዓይን አፋር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ላታዩት ትችላላችሁ። ከ200 ሊትር ጀምሮ ይበቃዋል። በጣም ትንንሽ ዓሦችን ብቻ አርቁለት። ከጤንነት አንጻር ግን ከጨው ውሃ ዓሦች ሁሉ በጣም ጠንካራ ከሚባሉት ነው።

ስኖውፍሌክ ሞሬይን የሚጠይቁ አሉ። ጥሩ ዓሣ ነው፣ ግን በማሽተት የሚያድን እንጂ አድፋጭ አይደለም። ክዳኑ ላይ ጣት የምታክል ቀዳዳ ካለች ደግሞ ጠዋት ወለል ላይ ታገኙታላችሁ።

ምግቡ፦ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

ሁለት ስህተቶች አሉ። አንደኛው የምግቡ ዓይነት ነው። ርካሽ ስለሆነ ጎልድፊሽ እየገዙ የሚሰጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጎልድፊሽ ቲያሚኔዝ የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ቫይታሚን ቢ1ን ያፈርሳል። ስቡም ለባሕር ዓሣ የሚስማማ አይደለም። ዓሣው ለወራት ደህና ይመስላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይሞታል፤ ባለቤቱም «ምንም አልነበረውም» ይላል። ሕያው ምግብ የግድ ከሆነ ጎስት ሽሪምፕ ወይም ቀስ በቀስ ወደ ጨው ውሃ የተላመደ ሞሊ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይሻላል።

ዓላማው ግን የሞተ ምግብ ማስለመድ ነው። ረጅም መቆንጠጫ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ያዙ። ከበረዶ የቀለጠ ሽሪምፕ ወይም የባሕር ዓሣ ሥጋ ጫፉ ላይ ሰኩና ከፊቱ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱት። አፉ ላይ አትሰኩበት፤ የሚሸሽ እንጂ የሚመጣ ምግብ አያውቅም። መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ሕያው ስጡት፣ ከዚያ ሕያውና ሙት እያፈራረቃችሁ፣ ከዚያ ሙት ብቻ። ፈዚ በቀናት ሊለምድ ይችላል። ፍሮግፊሽ ሳምንታት ሊያስለምናችሁ ይችላል። ሲለምድም አንድ ዓይነት ብቻ አታድርጉበት፤ ሽሪምፕ፣ ስኩዊድ፣ ዓሣ እያቀያየራችሁ፣ አልፎ አልፎም ምግቡን ቫይታሚን ውስጥ እየነከራችሁ ስጡት።

ሁለተኛው ስህተት መጠኑ ነው። ያደገ ፍሮግፊሽ በየሦስት በየአራት ቀኑ አንዴ ይበቃዋል። ላየንፊሽ በሳምንት ሦስት ጊዜ ገደማ። ገና ያላደጉት ዓሦች ከዚህ ትንሽ ይበልጥ ይበላሉ። ዓሣው በየቀኑ ይለምናችኋል፤ ስትጠጉ ይመጣል፣ ማባበያውን ያወዛውዛል፣ ያያችኋል። አትስሙት። ባሕር ውስጥ ቀጣዩ ምሳ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ የተገኘውን ሁሉ የመብላት አመል ነው ያለው። የጉርሻው ስፋት በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ርቀት ብዙ አይብለጥ። የተራቡ አድፋጮች ታሪክ ብዙ አይሰማም፤ በጥጋብ የሞቱት ግን ብዙ ናቸው።

ቢወጋችሁ

ላየንፊሽና ስኮርፒዮንፊሽ አሳድደው አይናደፉም። የሚወጋው ባለቤቱ መስታወት ሲወለውል፣ ድንጋይ ሲያስተካክል ነው። እጅ ከመግባቱ በፊት ዓሣው የት እንዳለ ይታይ፤ ሁለተኛ ሰው ቆሞ ቢያይላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። ጓንት ላይ አትመኩ፣ እሾሁ ይበሳዋል። ዓሣውን ለማዛወር መረብ አትጠቀሙ፣ እሾሁ ይጠላለፋል፤ በፕላስቲክ መያዣ አባብሉት።

ከተወጋችሁ ቁስሉን በሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩ። መርዙ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያዳክመዋል። ውሃው የሚቻል ሙቀት ይኑረው፣ ከ45 ዲግሪ አይለፍ፤ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ አቆዩት። ሙቀቱን በተወጋው እጅ አትለኩ፣ ሕመሙ ያታልላችኋል፤ በደህናው እጅ ለኩ። ከዚያ ሐኪም ቤት። ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ካበጠ፣ ራስ ካዞረ ውሃ ማሞቅ ሳይሆን አምቡላንስ መጥራት ነው።

ስትገዙ

ለሻጩ አንድ ነገር በሉት፦ «በፊቴ አብላልኝ»። ከበረዶ የቀለጠ ምግብ ከበላ ግማሹን ድካም ተገላገላችሁ። «ዛሬ ጠዋት በልቷል፣ አሁን አይበላም» ካላችሁ፣ ይህ ለአድፋጭ ዓሣ እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ቀብድ ሰጥታችሁ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ። ዓይኖቹ የጠሩ ይሁኑ፣ ሆዱ የገባ አይሁን፣ ከልክ በላይም የተነፋ አይሁን። ትንፋሹ ዝግ ያለ ይሁን። ቁጭ ማለቱ ጤና ነው፤ በጎኑ መጋደሙ አይደለም።

ፍሮግፊሽ ከሆነ ከውሃ ውስጥ ጨርሶ እንዳይወጣ ለሻጩ አስጠንቅቁት። አየር ከዋጠ ማስወጣት ያቅተዋል፣ ተንሳፍፎ ይቀራል። ከረጢቱ ወይም መያዣው ገንዳው ውስጥ ይጥለቅና ዓሣው ከነውሃው ይግባበት። በመንገድ ላይም ብቻውን ይሁን።

ቢቻል ሌላ ትንሽ ገንዳ ውስጥ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ቤት ስትደርሱ መብራቱን አጥፉ፣ ቀስ አድርጋችሁ ከውሃው ጋር አላምዱት፣ ቦታውን ራሱ ይምረጥ። ለሁለት ቀን ምግብ አታሳዩት። በሦስተኛው ቀን መቆንጠጫውን ይዛችሁ ቅረቡ።